የፈንታነሽ ሰባተኛ ትግል

ፈንታነሽ በትግል የምታድር ሴት ነበረች። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ቢኖር፣ አያቱ በሐሙሲት ገበያ በጀርባቸው ስላልተዘረጉ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እየታገለች፣ በጣለች ቁጥር ከተመልካቹ ጤፍና ገብስ እየተሰፈረላት፣ የማንንም እጅ ሳታይ ቤቷን አቆመች። ትግሉን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ማሩ ነው። አብሮም አንድ ሕግ አስተምሯታል፤ የጣለ የወደቀውን በእጁ ያነሳል፣ ሲያነሳም «አፈር አይያዝህ» ይለዋል። ሳያነሱት የቀረ ሰው በእግሩ ሄዶ ቤቱ ቢገባም ጀርባውን መሬት እንደያዘው ይቀራል ይባላል።

ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ በሁለተኛው ዓመት ማሩ ለአርበኞች ጥይት አቀብለሃል ተብሎ ምሽግ ውስጥ ታሰረ። የምሽጉ ሻምበል የምትታገል ሴት መኖሯን ሲሰማ ዓይኑ በራ። በአስተርጓሚው በዘውዱ በኩል፣ «ሰባት እሁድ ታግለሽ ሰባቱንም ካሸነፍሽ ወንድምሽ ይፈታል» አላት። አንድ ጊዜ ልየው ብላ ብትለምን፣ ስትጨርሺ ታይዋለሽ ተባለች። አመነች። ምን ታድርግ?

አምስት ሴቶች ጣለች፤ አምስቱንም አነሳች። ስድስተኛዋ ጌጤ የምትባል ከዋንዛዬ የመጣች ሴት ነበረች። ጌጤ ወድቃ እጇን ስትዘረጋ ሻምበሉ የፎቶግራፍ ካሜራውን ደቀነ፤ ዘውዱም የፈንታነሽን ክንድ ወደ ላይ አንጠልጥሎ ያዘ።

«ይልቀቁኝ አቶ ዘውዱ፣ ላንሳት!»

«ዝም ብለሽ ቁሚ! ወንድምሽን አስቢ!»

ቆመች። ጌጤ ራሷ ተነስታ፣ ጀርባዋን ሳታራግፍ መንገዷን ያዘች። በሦስተኛው ቀን ተቀበረች የሚል ወሬ መጣ። ፈንታነሽ፣ ሳላነሳት ቀርቼ ነው ስትል ያን ሳምንት እህል አልቀመሰችም።

ሰባተኛው እሁድ ሐምሌ ላይ ዋለ። ከቀትር በኋላ ጉም ወርዶ ሜዳውን ሸፈነው። ተጋጣሚ ጠፋ ሲባል፣ ከጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን መጣች። ሌላው ሰው አላወቃትም፤ ፈንታነሽ ግን አወቀቻት። ጌጤ ናት። ጀርባዋ ላይ እርጥብ አፈር ተለጥፏል፤ ከአፈሩም የሣር ሥር ተንጠልጥሏል።

ፈንታነሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ግን የማሩ ነፍስ በዚህች በአንዲት ትግል ላይ ነበረችና ገብታ ተያያዘች። የጌጤ ገላ ገና ከመሬት እንደተቆፈረ ድንች ይቀዘቅዛል። ክብደት ደግሞ የላትም። ያለ ድካም ጣለቻት። አንድም ሰው አላጨበጨበም። ዘውዱ እንደ ልማዱ ክንዷን ሊይዝ ሲመጣ ገፍትራ ጭቃው ላይ ዘረጋችውና፣ ጎንበስ ብላ ለጌጤ እጇን ሰጠቻት።

«አፈር አይያዝሽ እህቴ። በድዬሻለሁ።»

ጌጤ ተነሳች። ጀርባዋ ላይ የአፈር ምልክት እንኳ አልነበረም። ወደ ፈንታነሽ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «እግዜር ይስጥሽ። ማሩንም አንሽው» አለቻት። «ከምሽጉ ጀርባ፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር ነው። ገና የመጀመሪያዋን ሴት ሳትጥዪ ነው ገድለው እዚያ የከተቱት።»

ከዚያም ወደ ጉሙ ተመለሰች።

ዘውዱ ጭቃውን ከልብሱ እየጠረገ፣ «በቃ፣ ሰባቱንም አሸነፍሽ። ወንድምሽ ነገ ይፈታል፤ በር ላይ ጠብቂ» አላት። ይህን ሲል ፊቷን አላየም።

ፈንታነሽ ነገን አልጠበቀችም። ዞራ ከምሽጉ ጀርባ ሄደች። ከኮሶው ሥር አንድ ጉብታ አለ፤ የበቀለበት ሣር ጉልበቷ ድረስ ይደርሳል። ለሞተ ሰው ብላ፣ ለሻምበሉ ሳቅ የጣለቻቸውን ሴቶች አንድ በአንድ አስታወሰች። አፈረች፤ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና፣ ለትግል እንደሚቆም ሰው እግሯን ከፍታ፣ ጎንበስ ብላ ቀኝ እጇን ወደ ሣሩ ዘረጋች።

«አፈር አይያዝህ ወንድምዬ።»

ለጊዜው ምንም አልነበረም። ቆይቶ ሣሩ ተከፈለና አንድ እጅ የእጇን አንጓ ጨበጠ። አውራ ጣቱን በውስጥ በኩል አድርጎ ነው የያዛት፤ ማሩ በልጅነቷ ያስተማራት አያያዝ። ፈንታነሽ ጥርሷን ነክሳ ሳበች።