ከሰማያዊው በር ኋላ

ታናሽ ወንድሜ ሠዓሊ ነበር፤ እኔ አናጢ ነኝ። የሚስልበትን ጣውላ የምልግለት እኔ ስለነበርኩ፣ ልጆቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም።

ሥራውን የጀመረው በፀጉር ቤት ማስታወቂያ ነው። ኋላ የቤታችንን ሰማያዊ በር ሳለና ሰው ወደደለት። ከዚያ ወዲያ ሥዕሎቹን የምትሸጥለት ባለ ጋለሪዋ ሌላ ነገር አላይም አለች። የሰው ፊት ስሎ ሲወስድላት፣ «ወንድሜ፣ የማያውቀው ሰው ሳሎኑ ውስጥ እንዲያፈጥበት ማን ይፈልጋል? በር አምጣልኝ!» ትለዋለች። ዕድሜውን ሙሉ በር ሲስል ኖረ። የሰፈሩ ሰው «ባለበሩ» አለው። እሱም «ሳልቀጠር ዘበኛ አደረጋችሁኝ» እያለ ይስቅ ነበር።

ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳለት፣ ልጅቷ ዳዴ ሳትል እናትየዋ አረፈች። ፎቶዎቿን ቤታችን የገባው ጎርፍ አጠፋቸው። የቀረችው እሱ ፊቱ አስቀምጦ በሳላት አንድ ሥዕል ላይ ብቻ ነበር። እሷንም፣ ሐዘኑ ሲጠናበት፣ «ዓይኗን ማየት አቃተኝ» ብሎ በላይዋ ላይ በር ሳለባትና ሥዕሉን ሸጠው።

ልጅቷ አድጋ አገባች፤ አረገዘች። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «አባዬ፣ ልጄ እናቴን ቢመስል በምን አውቃለሁ?» አለችው።

ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ።

ፍለጋ ገባ። ሥዕሉ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ፣ ተራ መጠበቂያው ክፍል ተሰቅሎ ተገኘ። ደግ ሰው ነው ሐኪሙ። «እናት ከበር ትበልጣለች፤ ላዩን ይፋቁት» አለው። ወንድሜ፣ ልጁና እኔ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ ሥዕሉን አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲያስተኛው፣ ጉንጩ ያበጠ አንድ በሽተኛ፣ «ዶክተር፣ ተራው የእኔ ጥርስ ነበር፤ በሩን ልትነቅሉ ነው?» ብሎ አሳቀን።

ወንድሜ መፋቂያውን ሳያነሳ፣ መዳፉን በሥዕሉ ላይ አሳለፈ። ደገመው። ወደ መስኮቱ አዘንብሎ በብርሃን አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

እኔም ዳሰስኩት። ለስላሳ ነው፤ አንዲት እብጠት የለውም።

ወንድሜ ሥራው ንጹሕ ነው። ከሥር ያለው የቀለም ጉብጉብታ ወደ ላይ እንዳይወጣበት፣ አሮጌ ሥዕል ከመሸፈኑ በፊት በብርጭቆ ወረቀት እንጨቱ እስኪታይ ይፈገፍገው ነበር። ያኔም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ እጁ የለመደውን ሠርቷል። እሱም እኔም እስከዚያች ደቂቃ ትዝ አላለንም።

«እዚያ ናት፣ አባዬ?» ስትል ልጁ ጠየቀችው።

«እዚህ ናት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ፋቀዋ!»

«ከፋቅኩት ፊቷም አብሮ ይነሳል፣ የኔ እናት። ተሸፍና ትቆይ።»

አንድ እጇን ሆዷ ላይ እንዳደረገች፣ «እሺ፣ ዓይኗ የት ጋ ነው?» አለችው።

ጣቷን ያዘና በሰማያዊው ቀለም ላይ ቀስ እያለ መራት። «ቅንድቧ በዚህ ይዞራል። አፍንጫዋ ይኸው። እዚህ ስትስቅ ትሰረጉድ ነበር፣ በግራ በኩል ብቻ።» ያ በሽተኛም መቀለዱን ትቶ መሬት መሬት ያያል።

ሐኪሙ በሩን መልሶ ሰቀለው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ወንድሜ እስኪሞት ድረስ ጣውላ ላግልኝ ብሎኝ አያውቅም።