ደህናዎቹ ሴሎች

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ስትሆን፣ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ልጄ በማይታይ ብርሃን በሽታ ታያለች» ትላለች። ትንሽ ታጋንናለች እንጂ አልዋሸችም። የቤተ ሙከራችን መሣሪያ ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን በሴሎች ውስጥ ያሳልፋል። የሴሉ ስብም ፕሮቲንም የየድርሻውን ይውጣል፤ ያለፈው ብርሃን ስክሪን ላይ ወጣ ገባ መስመር ሆኖ ይሳላል። የካንሰር ሴል መስመር ከጤነኛው ይለያል።

ባለፈው ዓመት አክስቴ ጡት ላይ ካንሰር ተገኝቶ በቀዶ ጥገና ወጣላት። ከወጣው ላይ ቁራጭ ለምርምራችን እንዲሰጥ ፈቀደች። ድና እግሯ ሲጸና «አሳዪኝ» ብላ ያዘችኝ። እንዳይከፋት ፈርቼ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩና በመጨረሻ እጅ ሰጠሁ።

ቤተ ሙከራው ወስጄ ነጭ ጋውን አለበስኳት። እጅጌውን ገልብጣ ስፌቱን አየች።

«ማነው ይሄን የሰፋው? በእግሩ ነው?»

እያወራች መሣሪያው ላይ ስታጎነብስ መስመሩ ተዘበራረቀ።

«እቴቴ፣ ራቅ በዪ። የትንፋሽሽ እርጥበት ያበላሸዋል።»

«ትንፋሼን ልያዝልሽ?» አለችና አፏን በሁለት እጇ ከደነች።

ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ወጡ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ቀዩ የታመሙት ሴሎቿ መስመር መሆኑን ነገርኳት።

«አንተ ነህ እንግዲህ!» አለችው፣ ሌባ እንደያዘ ሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሰማያዊውስ የማን ነው?»

«ያንቺው። ከእብጠቱ ጎን የተወሰደ፣ ደህናው።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ደህና ሆነው ሳለ አብረው ተቆረጡ? ምን አጠፉ?»

ለቀዩ ነበር የተዘጋጀሁት፤ ይሄን አልጠበቅኩም። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ።

«ሐኪሙ የታመመ እንዳይቀር ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ነው የሚቆርጠው። እኛም ደህናው ምን እንደሚመስል ካላወቅን የታመመውን በምን እንለየዋለን? መሣሪያው ገና እየተማረ ነው፤ ለጊዜው ፍርዱ የሐኪሞቹ ነው። አንድ ቀን ግን ድንበሩን ለይቶ ካሳያቸው፣ ከሌላዋ ሴት ደህናው ብዙ አይቆረጥም።»

ጉንጯን በመዳፏ ጠረገች።

«እንግዲያው በከንቱ አልሄዱም። ሰማያዊውን አትሚልኝ።»

«ቀዩስ?»

«እሱን እዚሁ ቁም ስቅሉን አሳዪው!»

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ጨበጥ አድርጋ ለካችው።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ? ነይ ምሳ ልጋብዝሽ።»

ሥራ አለብኝ ብላት የምትሰማ አልነበረችም፤ እኔም አላልኳትም።