የተሸጠው ልጅ ስም

«እሱን አይደለም፤ ከላይ ያለውን አውርድልኝ» አለች ሉባባ፣ አንገቷን ወደ መደርደሪያው ቀና አድርጋ።

ጀላሉ ወንበር ላይ እንደ ቆመ ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ ይሄ እኮ የሙሽራ ነው። ለሰርግ ካልሆነ ማንም አይጠይቀውም።»

«ልጅ ላስመልስበት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ሰርግ አለ? አውርድ!»

ጀላሉ አወረደ። መቱ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ይህ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በእሱ ስም ይጠራ እንጂ፣ አዛዧ ማን እንደሆነች ደንበኛው ሁሉ ያውቃል። ሉባባ ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ መረመረችው። አረንጓዴ ነው፣ ጠርዙ በወርቃማ ክር የተሠራ። አጣጥፋ በፌስታል ከተተችውና ወደ ቤት ገባች።

ጓሮው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ለልጁ መወለድ ምስጋና የአቂቃው በጎች ታርደው ሥጋው ምድጃ ላይ ነው። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሼህ ኢርሻድ መጥተው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ልጁም ስም ይወጣለታል። ከዚያ በፊት ግን ሉባባ የልጅ ልጇን መልሳ መግዛት አለባት። ሸጣዋለችና።

የሸጠችው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው። የጀላሉ ሚስት ዘህራ ከዚህ በፊት ሁለት ወንዶች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። የመጀመሪያው ስም እንኳ ሳይወጣለት ሄደ። ሁለተኛው በሟቹ አያቱ ስም አብዱረዛቅ ተባለና ጥርስ ሳያበቅል አረፈ። ሦስተኛው ያለ ጊዜው ተወልዶ ማሞቂያ ክፍል ሲገባ ጀላሉ ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ሉባባም ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ሄዳ ተዘረፈጠች። ገለኔ ያገኘቻት እዚያ ነው።

ገለኔ የሁሩሙ ሴት ናት። በገበያ ቀን በሚኒባስ መቱ እየመጣች፣ የእነሉባባ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ማር ትሸጣለች። ያን ቀን የልጇ ሚስት ወልዳላት ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። የሉባባን ጉድ ሰማችና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ለእኔ ይሽጡልኝ» አለቻት።

«ምኑን?»

«ልጁን ነዋ! እኛ ዘንድ ልጅ አልበረክት ሲል ለበረከተላት ሴት ይሸጣል። እኔ የወለድኩት ሁሉ አድጎልኛል፤ ሞት የእኔን ደጅ አያውቀውም። ስሙንም ገዢዋ ናት የምታወጣው። ሞት እንዳይጎመጅ፣ ስሙ አያምርም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሉባባ «አስተግፊሩላህ» ብላ ፊቷን ታዞርባት ነበር። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ገለኔ ከዘንቢሏ አንድ ብርጭቆ ማር አውጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ጉርጉሬራ ይበሉ፤ ሸጫለሁ።»

«ጉርጉሬራ» አለች ሉባባ፣ እንባዋ እየወረደ።

«ቢቴራ! እኔም ገዛሁ። ስሙም ጀልዴሳ ነው።»

ሉባባ ኦሮምኛውን ከልጅነቷ ጀምሮ አሳምራ ታውቃለች። «ዝንጀሮ? የልጄን ልጅ ዝንጀሮ ልትዪው ነው?»

«የዝንጀሮ ልጅ አይተው አያውቁም? በሶር ወንዝ ገደል ላይ እናቱ ስትዘል እሱ ሆዷ ላይ ተለጥፏል። ሲወድቅ ያየ ሰው አለ?»

የገለኔ ልጅ ሚስት ጨቅላዋን ታቅፋ ወደ ሁሩሙ ስትመለስ ገለኔ አብራት አልሄደችም። «ንብረቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አለችና ቀረች። ለዘህራ አጥሚት አፈላች፣ የሉባባን ልብስ አጠበች፣ ጀላሉን እንደ ልጅ ተቆጥታ አበላችው። ነርሶቹ የቤተሰቡ አክስት መስላቸው ነበር። ልጁ ቀስ በቀስ ቀላ፣ ጠባ፣ በኋላም ግቢውን የሚያደነቁር ልቅሶ አወጣ። ጀላሉ «ያዳኑት ሐኪሞቹ ናቸው» ይላል። ሉባባም አትክድም፤ የዶክተሩን ጉልበት ስማ መርቃዋለች። ለአላህ ያለባት ምስጋና ደግሞ ተነግሮ አያልቅም። ሆኖም ምስጋናዋን ስታከፋፍል የገለኔን ድርሻ ዘላ አታውቅም።

የስሙ ነገር ግን ሌላ ነው። ልጁ አብዱረዛቅ መባል አለበት። ባሏ ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ ከገበያ ገበያ እየዞረ ይህን ሱቅ ያቆመ ሰው ነው፤ ስሙ በወንድ ልጅ ላይ ሳይቀመጥ ሊቀር ነው? የተሸጠ ልጅ ደግሞ ይመለሳል። ገዢዋ ከሰጠችው የሚበልጥ ነገር ለእሷ ሰጥቶ፣ በመልካም ቃል መቀበል ነው። ለዚህ ነው የሙሽራው ጨርቅ የወረደው።

ገለኔ ቀይ ሻሿን አስራ፣ የማር ጀሪካን አንጠልጥላ ደረሰች። ሉባባ እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻትና ፌስታሉን ሰጠቻት።

«ገለኔ፣ ውለታሽን በጨርቅ እከፍላለሁ ብዬ አይደለም። ልጁን መልሺልኝ። በአያቱ ስም ልጠራው ፈልጌ ነው።»

ገለኔ ጨርቁን ዘርግታ አየችውና «ወይ ጉድ! ይሄን ለብሼ ማር ስሸጥ ማን ይደፍረኛል!» ብላ ሳቀች። ከዚያ የሉባባን ትከሻ ሳመች። «ድሮስ የማን ነው፣ እትዬ? አንዴ ከቆመ የእርስዎ ነው። የፈለጉትን ስም ያውጡለት። እኔ ደስ ይለኛል።»

ሉባባ ክርክር አዘጋጅታ ነበር። እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብላ አልጠበቀችም። «ገለቶሚ፣ የኔ እናት» ብላ አመሰገነቻት። ገለኔ ወደ ድንኳኑ ስትወጣ እሷ ልጁን ልታመጣ ወደ ዘህራ ክፍል ሄደች።

መጋረጃው ጋ ስትደርስ ቆመች። ዘህራ እያጠባች በሹክሹክታ ታወራለች። «ያዝ የኔ ጀልዴሳ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝ። አትልቀቀኝ እሺ፣ ጀልዴ።»

ሉባባ መጋረጃውን ገለጠች። ዘህራ ደንግጣ ነጠላዋን ሳበች።

«ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?»

«ይቅርታ፣ እማ።»

«መልሼ ገዝቼዋለሁ። ከእንግዲህ አብዱረዛቅ ነው። ይህን ስም አፍሽ ይልመደው።»

ዘህራ እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ አማቷን ተቃውማ አታውቅም። ሻይ ቀጠነ ስትባል ታወፍራለች፣ ወፈረ ስትባል ታቀጥናለች። አሁን ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችና ቀና አለች።

«እማ፣ መልሰው አይግዙት።»

«ምን?»

«ይቆጡኝ፣ እችለዋለሁ። ያንን ስም ግን አልችልም። አብዱረዛቅ ባልኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ያኛው ልጄ ነው። ሲያቃስት የጠራሁት በዚያ ስም ነው። ሲከፍኑትም በዚያ ስም ነው የተሰናበትኩት።»

«ልጄ፣ ሞት እኮ ስም አይመርጥም። አላህ የጻፈው ነው የሚሆነው።»

«አውቃለሁ፣ እማ። ስሙ ያድነዋል አላልኩም። እኔ ነኝ የምፈራው። አብዱረዛቅ ካላችሁት ልጄን እየፈራሁ ነው የማሳድገው። በዚህኛው ስም ስጠራው ደግሞ ያስቀኛል። እንደ ሰው እስቃለሁ።»

ሉባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሷ አብዱረዛቅ ሲባል የምታየው በሳቅ የሚንከተከት፣ ጨርቅ ሲለካ አንድ ክንድ ለደንበኛ የሚጨምር ሰው ነው። ስሙን ቤት ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መጥራት ናፍቋታል፤ ይህንን ለማንም አልተናገረችም፣ የአሮጊት ፍቅር ያስቃል ብላ ታፍራለች። ይቺ ልጅ ግን በዚያው ስም የምታየው መቃብር ነው። ስንት ቀን አንድ ማዕድ ቀርበው ይህን አለማወቋ አሳፈራት። ቅሬታ ቢጤ ሊመጣባት ሲል ልጁ ጡቱን ለቀቀና አፉን ከፍቶ አዛጋ። ሙሉ፣ የጠገበ ማዛጋት። ሉባባ ሳታስበው «አልሃምዱሊላህ» አለች።

ከውጭ ጀላሉ ተጣራ። «እማ! ሼሁ መጥተዋል፣ ሰው እየጠበቀ ነው!»

«ስጪኝ» አለች ሉባባ። ዘህራ አመነታች፣ ከዚያ ሰጠቻት። ዓይኗ ግን ከልጁ ጋር ሄደ።

ድንኳኑ ሞልቷል። ሼህ ኢርሻድ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው፣ ሉባባን ሲያዩ ፈገግ አሉ። «ነይ ሉባባ። ስሙን እንኳ መጠየቅ አያስፈልገንም፤ አብዱረዛቅ ነው። አላህ ይዘንለትና፣ ወዳጄ ነበር።»

ሰዉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሉባባ በሼሁ አጠገብ አልፋ ወደ ሴቶቹ ሄደች። ገለኔ አረንጓዴውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አድርጋ ለጎረቤቶቿ ስታሳይ አገኘቻት። ሉባባ ጎንበስ ብላ ልጁን ጨርቁ ላይ አስተኛችላት።

«ጉርጉሬራ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ገለኔ አፏን ይዛ አየቻት። «እትዬ፣ አሁን እኮ መልሰው ገዙት! ጨርቁስ?»

«ጨርቁም ያንቺ ነው።» የነጋዴ ሚስት ሆና ያረጀችው ሉባባ ዕቃውንም ዋጋውንም ለገዢ ስትሰጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ልጁ ያንቺ ነው ተባብለናል፤ ስሙን አንቺ ንገሪያቸው።»

ገለኔ ልጁን አቀፈችው። «ጀልዴሳ» አለች።

ከጎረምሶቹ መሃል ሳቅ ፈነዳ። ጀላሉ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እማ፣ ምንድን ነው የምታደርጊው? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ሁለት ጊዜ አላህ ያጽናችሁ ሊለን መጥቶ ነበር፤ ዛሬ ይሳቅ» አለች ሉባባ። «የልጁ እናትም የምትፈልገው ይህንኑ ነው። ብትጠይቃት ኖሮ ትነግርህ ነበር። እኔም አልጠየቅኋትም።»

ጀላሉ ወደ ቤቱ በር ዞረ። ዘህራ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ለረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያ ወደ ሼሁ ተመልሶ ራሱን ነቀነቀ።

ሼህ ኢርሻድ ጺማቸውን ዳሰሱ። «መልካም ትርጉም ያለው ስም ቢሆን ደስ ባለኝ። ግን ክልክል ነው ብዬ አልዋሽም። እናትና አባቱ ከወደዱት የእነሱ መብት ነው። ለወዳጄ ስም ግን አዘንኩ፣ ሉባባ። ያንን ስም እንዴት እንደምትወጂው አውቃለሁ።»

ሉባባ ልጁን ከገለኔ ተቀብላ ወደ ሼሁ ቀረበች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ፊቷ ግን ፈክቷል።

«ሙሉ ስሙን ይጥሩታ፣ ሼህ» አለች። «ጀልዴሳ ጀላሉ አብዱረዛቅ። አያቱ ከኋላ ሆኖ ይጠብቀው፤ ከፊት ምን ይሠራል?»