ሁለት መቶ አርባ ሺህ

ጥሩብርሃን ጫማዋ ላይ የተለጠፈውን ቀይ ጭቃ በስንጥር እየፋቀች ነበር። በአንድ እግሯ ስለቆመች እንዳትወድቅ እጇን የወፍጮው ሞተር ላይ አሳረፈች፤ ወዲያው አነሳችው። ሞተሩ ይፋጃል።

"ሳይነሳ ሳምንት ሆነው" እያለ ነበር ባለወፍጮው አቶ መልከጼዴቅ ለባሏ ለጴጥሮስ። "ዲላ መብራት አለ፤ በናፍጣ ማን ያስፈጫል? እናንተ ጋ ባንኮ ጎቲቲ ግን ሰው ይሰለፍበታል።"

ጥሩብርሃን ምናልባት ፀሐይ መትቶት ይሆናል ብላ ቀና አለች። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደጠቆረ ነው።

ጴጥሮስ የማስነሻውን እጀታ ያዘና አንዴ አሽከረከረ። ሞተሩ ተነሳ። አንዴ ብቻ! ልጅ ሲወለድለት እንኳ እንዲህ አልሳቀም። ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ የሦስት ዓመት ቡናና የሁለት ላሞች ዋጋ ነው። ወፍጮው ካልሠራ የሚሸጥ ሌላ ላም የለም።

"ዋጋውን ንገሯቸው እንጂ ጋሼ" አለ ወልዱ። ወልዱ ረቡዕ ረቡዕ እነሱ ቤት ከሚሰበሰበው የጸሎት ኅብረት አንዱ ነው፤ ሻጩን ያገኘላቸውም እሱ ነው።

"ሦስት መቶ አሥር ሺህ።"

ጴጥሮስ ሞተሩን አጠፋ። "አቅማችን አይደለም ጋሼ።"

አቶ መልከጼዴቅ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። መሬት መሬት አዩ። "እንግዲህ የጸሎት ሰው ነህ ብለውኛል። ላንተ ሁለት መቶ አርባ።"

ጴጥሮስ ወደ ሚስቱ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ሰማሽ?"

ሰምታለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ሳሎናቸው ውስጥ በአሥራ አንድ ሰው ፊት ተንበርክኮ፣ "ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ከሆነ በሁለት መቶ አርባ ሺህ ይሁንልኝ፤ እሱ ምልክቴ ይሁን" ብሎ ሲጸልይም ሰምታለች። ሁሉም አሜን ብለዋል። ከሁሉም የወልዱ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

"ጋሼ፣ ለምን ሁለት መቶ አርባ አምስት አላሉም?" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ከሦስት መቶ አሥር ሲወርዱ። ሰው መጀመሪያ ሦስት መቶ ይላል። ከዚያ ሁለት መቶ ሰማንያ ይላል። እርስዎ ባንዴ ዘለሉ።"

ወልዱ ሳቀ። "እህት ጥሩብርሃን! ለምን ቀነሱልን ብሎ የሚጣላ ገዢ ዛሬ ገና አየሁ!"

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁለት ምስክሮችም ሳቁ። የውል ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ነበር። አቶ መልከጼዴቅ ስልካቸው ጮኸና መልእክቱን አይተው ዘጉት። "ሌላ ገዢ፣ የይርጋጨፌው ሰውዬ ነው። መንገድ ላይ ነኝ ይላል። እንግዲህ እናንተ ቀድማችኋል።"

ጴጥሮስ እስክሪብቶውን አነሳ።

"ሞተሩ ሙቅ ነው" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"አሁን አስነስቼው የለ?"

"ሳታስነሳው ነው የነካሁት።" ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣች። "አሪቻ ቡና ማጠቢያው ስሠራ እንዲህ ያለ ሞተር ነበር። ጠዋት ጠዋት ሦስት ወንድ ይታገለዋል። አንዴ ከሞቀ ግን እኔም አስነሳዋለሁ። ነገ ጠዋት፣ ቀዝቅዞ እንየው።"

"ጥሩብርሃን፣ ምልክት ጠየቅሁ፣ ተሰጠኝ። አሁን ደግሞ እግዚአብሔርን ልፈትን?"

"እግዚአብሔርን አይደለም። ሞተሩን ነው።"

"የሞተር ሐኪም ነው እንዴ ያገባኸው?" አለ ወልዱ።

አልመለሰችለትም። ባሏን ብቻ አየች። "እግዚአብሔር የሰጠን ከሆነ በአንድ ሌሊት አይወስድብንም።"

ጴጥሮስ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስተኛው። "ነገ ሁለት ሰዓት እንመጣለን" አለ። አቶ መልከጼዴቅ የይርጋጨፌውን ሰው እንደማይመልሱት ነገሩት።

ያደሩት እዚያው ዲላ እህቷ ሮሆቦት ቤት ነው። "ቢሸጥብን ግን..." አላት ጴጥሮስ በጨለማው ውስጥ። አልጨረሰውም። ጀርባውን ሰጣት።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችው።

"ሁለት ሰዓት ብለናል እኮ።"

"ለዚያ ነው።"

የአቶ መልከጼዴቅ የቆርቆሮ በር ተዘግቷል። ጴጥሮስ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ከውስጥ የእጀታው ድምፅ መጣ። ሞተሩ ሁለቴ አሳለና ዝም አለ። እንደገና ተሽከረከረ። አሳለ። ዝም አለ።

"ብርድ ነው" አለ ጴጥሮስ በሹክሹክታ። "እኛስ ጠዋት ስንነሳ እናስል የለ?"

ጥሩብርሃን ሙከራውን በጣቷ እየቆጠረች ነበር። ስድስት። ሰባት። ዘጠነኛው ላይ አንድ ሰው በድካም ተሳደበ። ከዚያ የአቶ መልከጼዴቅ ድምፅ ተሰማ፦ "ቦና፣ አንተ በተራህ ያዘው! ሳይመጡ ይሙቅ!"

አሥራ አራተኛው ላይ ተነሳ። ነጭ ጭስ ከአጥሩ በላይ ወጣ።

በዚህ መሃል ወልዱ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከማዕዘኑ ብቅ አለ። ሲያያቸው እግሩ ቆመ።

"ኧረ በጠዋቱ! የጓጓ ሰው እንቅልፍ የለውም ማለት ነው።"

"ቁጥሩን ነገርከው?" አለ ጴጥሮስ።

"የቱን ቁጥር ወንድሜ?"

"ወልዱ።"

ወልዱ ዳቦውን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ። "ክፉ አስቤ አይደለም። በሦስት መቶ አሥር ድርቅ ብሎ ነበር እኮ፤ እኔ ነኝ ያስቀነስኩልህ። ጸሎትህ እንዲመለስልህ ብዬ ነው!"

"የድለላ ገንዘብስ?"

"እሱማ... እሱ ያለ ነው።"

ከበሩ ወዲያ ሞተሩ አሁን ሳይቆራረጥ ይመታል፤ ለጆሮ ደስ የሚል ድምፅ ነው። ጴጥሮስ ራሱን አዘንብሎ አዳመጠው። "እየሠራ ግን ነው" አለ። ጥሩብርሃን አሁን አንድ ቃል ብትጨምር እልህ እንደሚይዘው ታውቃለች። ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

"ጥሩብርሃን" አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከጭሱ ሳይነቅል። "ቁጥሩን ባልሰማ፣ ይህን የሰማነውን ብቻ ብሰማ፣ በስንት እገዛው ነበር?"

"በስንት?"

አሰበ። "አልገዛውም ነበር።"

ወልዱ ከኋላቸው ሁለት ጊዜ ተጣራ። አልዞሩም።

መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀመጡ። የባንኮ ጎቲቲ መኪና እስኪሞላ ገና ነው። ጴጥሮስ ስልኩን አወጣና ለአቶ መልከጼዴቅ መልእክት መጻፍ ጀመረ። ገንዘቡ አልሞላልንም ብሎ ጻፈ፤ አየውና አጠፋው። ሚስቴ አልተስማማችም ብሎ ጻፈ። ጥሩብርሃን በትከሻው በኩል አንብባ ቀና ስትል እሱንም አጠፋው።

አንገዛም፣ ብሎ ጻፈ። አንድ ጊዜ አነበበው። ላከውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።