በተራ የበረዱት

"ሦስተኛውም ወረደ!" አለች ከወንበሯ ብድግ ብላ።

በባሕር ጥናት ቢሮው ስክሪን ላይ፣ ውሃው ላይ ከሚንሳፈፉት ሙቀት መለኪያዎች በጣም ሩቁ ጠዋት በድንገት በርዶ ነበር። ቀጥሎ መካከለኛው በረደ። አሁን ደግሞ ለወደቡ የሚቀርበው።

አለቃዋ ከስልኩ ቀና አላለም። "ተበላሽተዋል በያቸው። ኮምፒውተሩም ስህተት ብሎ ጥሏቸዋል።"

"ሦስቱም? ወረፋ ይዘው ነው የተበላሹት?"

"ነፋስ የለም እኮ እህቴ። የሳምንቱን አማካይ እይው፤ ጸጥ ያለ ነው።"

አማካይ! ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ ዛሬ ያበደ ነፋስ፣ በአማካይ ሲታይ ጨዋ ነው። ነፋስ ሲጠፋ ፀሐይ የባሕሩን ገጽ ታሞቃለች፤ ነፋስ ሲመታው ደግሞ ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይወጣል። ያ የሚበጠብጠው ነገር ወደዚህ እየመጣ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ወንድሟ ደግሞ ከሰዓት ባሕር ይወጣል። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሮጠች።

ወደቡ ላይ ባንዲራው እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። አንድ ወፍ የለም። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ወንድሟ ጀልባው ውስጥ መረቡን ያጣጥፋል።

"ዛሬ አትውጣ።"

"መጣች ደግሞ ዶክተሯ! ነፋሱ የታለ? እስቲ አሳይኝ።"

"እየመጣ ነው።"

"ባለፈው ወርም እየመጣ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስሞቅ ዋልኩልሽ። ሰፈሩ እስካሁን ይስቅብኛል።"

ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ገባችና ወደ ጀልባው ቀረበች። ውሃው እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ድንገት ከጉልበቷ በታች የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ሾልኮ አለፈ፤ እጅ የዳሰሳት ያህል ዘገነናት። ገጹ ላይ ግን አንድ መጨማደድ እንኳ አይታይም።

"እግርህን ውሃው ውስጥ ክተተው።"

"ለምን?"

"ክተተው አልኩህ!"

እየሳቀ ከተተው። ሳቁ ቆመ። እግሩን ቶሎ አወጣና ውሃውን አየ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"አሳይኝ ያልከው ነፋስ ነው።"

"በቃ ደርሼ ነው የምመለሰው" አላት፤ ድምፁ ግን የሱ አይመስልም ነበር። ነዳጅ ሊያመጣ ወደ መጋዘኑ ሄደ።

የሞተሩን ክዳን ከፍታ ያለሱ ሞተሩ የማይነሳውን ካንዴላ ፈታችው። ኪሷ ውስጥ ልትከተው አለችና ተወችው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈትሾ ሳይቀማት የቀረ ነገር የለም። ባሕሩ ውስጥ ወረወረችው።

ባንዲራው አሁንም አልተነቃነቀም።