በኢድ ማለዳ በሩን የጠበቀው

ሰኞ፣ የኢድ ማለዳ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሰዓቱን የማልረሳው ኡስታዝ ሸውቂ የእጅ ሰዓቱን አየት አድርጎ «ሂዱ እንግዲህ፣ መኪናው ይሞላባችኋል» ስላለን ነው።

እስክንድርያ ውስጥ፣ ሰፈራችን ያለው አሮጌ ቪላ ባለቤት አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ፈልጎ ነበር። እኛ ጎረቤቶቹ ፊርማ አሰባስበን አቤት ስንል፣ ኢዱ አልፎ ቢሮ በሚከፈትበት እሁድ ኮሚቴ መጥቶ በቅርስነት ሊመዘግበው ቀጠሮ ያዘ። እስከዚያ እንዲቆም ብቻ ነው የፈለግነው። አፍራሾች ቢሮ የሚዘጋበትን በዓል እንደሚጠብቁ ስለምናውቅ፣ በሩን በራሳችን ሰንሰለት ቆልፈን ሦስት ሳምንት ተራ ገባንለት። የቪላውን የእንጨት ደረጃ የጠረበው አባቴ ነው። ከእጁ ሥራ የቀረልኝ እሱ ብቻ ነበር።

ፊርማውን ያስጀመረው፣ ማመልከቻውን የጻፈው ሸውቂ ነው፤ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር። በኢድ ማለዳ ሰፈሩ ሁሉ ሙታኑን ሊጠይቅ ወደ መቃብር ይሄዳል። ማን ይቅር ሲባል «የእኔ ሙታን ጣንታ ከተማ ናቸው። እኔ እቀመጣለሁ» አለ።

«ብቻዎን ሳሉ ቢመጡብዎትስ?» አለው ልብስ ተኳሹ ሐጅ ሚድሐት።

«አንተ ብትኖር በካውያህ ልታባርራቸው ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁት።

«አደራ፣ ኡስታዝ።»

«የአባትሽ ደረጃ አይደል፣ ራጊያ? ሰላም በይልኝ።»

መቃብሩ ላይ ፋቲሓ ቀራሁ፣ የኢዱን ብስኩት፣ ካህኩን፣ ለድሆች አደልኩ። ከዚያ ለአባቴ «እሁድ ይመዘገባል፤ ኡስታዝ በሩ ላይ ነው፣ አታስብ» አልኩት።

ስንመለስ ከመንገዱ ጫፍ አቧራ ታየን። የቪላው የፊት ግድግዳ የለም። ደረጃው ጣሪያ ሳይኖረው ብቻውን ቆሟል። ዶዘሩ አንዴ ነካ ሲያደርገው ወረደ። ሰንሰለቱ አልተቆረጠም፤ በወጉ ተጠቅልሎ በሩ ሥር ተቀምጧል፣ ቁልፉም ከነጓጉንቸሩ።

ሸውቂን ያገኘነው ጥጉ ላይ ያለው ሻይ ቤት ነው። የቀረበለትን ሻይ አልነካውም።

«በጉልበት ወሰዱብኝ ይበሉን፣ ኡስታዝ» አለው ሐጅ ሚድሐት። «እናምንዎታለን።»

«ልጄ ከታጨች ሦስት ዓመቷ ነው፣ የምትገባበት ቤት ጠፍቶ» አለ ሸውቂ። «ከሚሠራው ፎቅ ላይ አንድ ቤት ሊሰጡኝ ነው።»

«ታዲያ ፊርማውን ለምን አስጀመሩን?» አልኩት።

«ያኔ ከልቤ ነበር፣ ራጊያ። ያኔ አልጠየቁኝም ነበር።»

ሐጅ ሚድሐት ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

እሁድ ኮሚቴው መጣ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ፍርስራሹን በስልክ ፎቶ አንስተው «የሚመዘገብ ሕንፃ የለም» ብለው ጽፈው ሄዱ። አሁን እዚያ ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ። የሸውቂ ልጅ ከባሏ ጋር ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትኖራለች።