ቦቃ

ምራቴ ከወለደች ገና ወሯ ነው። ልጅቷን ታቅፋ እኔና ልጄ ጫማ ወደምንጠግንበት ሱቅ መጣች።

«አባባ፣ ከዚያ ጥቁር ቀለም ትንሽ ይስጡኝ።»

«ለየትኛው ጫማ?»

የሕፃኗን ሻርፕ ገለጥ አደረገችው። ከግንባሯ በላይ አንድ ቁንጥር ጸጉር እንደ ጥጥ ነጭ ነው፤ ሌላው ከሰል።

«እሑድ የባለቤቴ አክስቶች ይመጣሉ» አለች።

የሟች ሚስቴ እኅቶች ናቸው። ምላሳቸውን አውቀዋለሁ።

ልጄ ሶል እየሰፋ ነበር። ቀና ሳይል «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አለ።

«በእኔም ቤት የለም። ታዲያ ከገበያ ገዛኋት?»

አነጋገሯ ቀልድ ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

የቀለሙን ቆርቆሮ አነሳሁ። በልጅነቴ ግንባሯ ላይ ነጭ እንዳለባት በቅሎ «ቦቃ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ሥራ ከያዝኩ በኋላ በየማለዳው ከዚህ ቆርቆሮ በጣቴ እየጠቀስኩ ግንባሬ ላይ ያለውን ነጭ ጸጉር እቀባው ነበር። ሚስቴ ነፍሷን ይማረውና ትራስ ስታጥብ «ያገባሁት ጫማ ነው» ትል ነበር፤ ለሰው ግን ትንፍሽ አላለችም። ኋላ ራሴ ሁሉ ሸበተና እርጅና ደበቀኝ። ከሥሩ ያለውን ነጭ ቆዳ ደግሞ ቆብ ይሸፍነዋል።

አሁንም ዝም ማለት እችል ነበር።

ቆቤን አወለቅሁ። ጸጉሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። ከሥሩ ያለው ቆዳ ሁለት ጣት ያህል ነጭ ነው።

ልጄ ወስፌውን አስቀመጠ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«የልጅህ ነው። አባቴም ነበረው።»

«ታዲያ እኔ ለምን የለኝም?»

«ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስብ።»

ሰበሰበና ጉልበቱ ላይ ያለችውን ነጭ ምልክት ዳሰሰ። «ይሄማ ትኩስ ሻይ ፈሶብኝ ነው። አንተ ነህ የነገርከኝ።»

«ዋሽቼህ ነው። አብሮህ ተወልዷል።»

ምራቴ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ነርሷ ነግራኝ ነበር» አለች። «ልጅ ከእናቱም ከአባቱም ይወስዳል። ይሄኛው ከአንዳቸው ብቻ ቢመጣም ይወጣል አለች። ባንዱ ጸጉር ላይ፣ ባንዱ ቆዳ ላይ። ‹ባልሽን ጠይቂው› አለችኝ። ጠየቅሁት፤ የለኝም አለ።»

«መች አወቅሁ!» አለ ልጄ። ወደ ሚስቱ ዞሮ «የሚቀጥለውስ ልጅ?» አላት።

«ሊወርስም ላይወርስም ይችላል። እኩል በእኩል ነው አለች።»

«እሑድ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ያለ ቆብ» አልኩ።

«ቀለሙስ አባባ?»

«ለጫማ ነው።»

ልጄ እጁን በሽርጡ ጠረገና ሕፃኗን ተቀበላት። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ አጥብቆ ሲይዛት አላየሁም። «ቦቃዬ» አላት በጆሮዋ።

ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። የሰበሰባትን ሱሪ እስከ ማታ አላወረዳትም።